የ76 ወንበር ጠብ

ባለፈው እትም አሜሪካ ውስጥ ፓይለት ስለመሆን ሁለት አንቀጽ ብጽፍ ደብዳቤው ጎርፍ ሆነብኝ። ገሚሱ ከፓይለቶች ነው፣ ገሚሱ ከሚስቶችና ከአባቶች፣ አንዱ ደግሞ ሻንጣውን በር ላይ ከተቀማ መንገደኛ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው። ትልቁ አየር መንገድ አለ፣ ሜይንላይን ይሉታል። በትልቁ ስም ትንንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሌላ ኩባንያ አለ፣ እሱ ሪጅናል ነው። የሁለቱ ፓይለቶች ለምን ተኮራርፈው ይኖራሉ? እኔ ስድስት ዓመት ሪጅናል ሰርቼ አሁን ሜይንላይን ረዳት አብራሪ ነኝ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፣ ከሁለቱም ጋር ተጣልቻለሁ ብል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትኬት የገዛሁት ከትልቅ አየር መንገድ ነው። አውሮፕላኑም የትልቁን ስምና ቀለም ይዟል፣ ናፕኪኑ ሳይቀር። በሩ ጎን ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የሌላ ኩባንያ ስም አየሁ። ሻንጣዬንም በር ላይ ተቀበሉኝ። ተሸውጃለሁ? ፓይለቶቹስ ተለማማጆች ናቸው እንዴ?
መንገደኛው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አልተሸወድክም። ትኬቱን ስትገዛ ተጽፎልህ ነበር፣ ማንም አያነበውም እንጂ። በረራው የሚበረው በእገሌ ነው የምትል አንዲት መስመር አለች። ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተጻፈች ግዴታ ናት። ለምን በሕግ እንደገባች እነግርሃለሁ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን የሚባሉት ትልልቅ አየር መንገዶች ትንንሾቹን ጄቶች ራሳቸው አያበሩም። ለስካይዌስት፣ ለሪፐብሊክ፣ ለኢንዴቨር፣ ለኤንቮይ፣ ለፒኤስኤና ለመሳሰሉት ይሰጣሉ። ትልቁ ትኬቱን ይሸጣል፣ ፕሮግራሙን ያወጣል፣ ነዳጁን አብዛኛውን ጊዜ ይችላል፣ ለትንሹ ደግሞ በበረራው ልክ ሂሳቡን ይሰጠዋል። አውሮፕላኑ ሞላ አልሞላ የትንሹ ራስ ምታት አይደለም። ኢንዴቨር የዴልታ ንብረት ነው። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒየድሞንት የአሜሪካን ናቸው። ስካይዌስት ግን ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው፣ ለሶስቱም ይበራል፣ ለአላስካም ጭምር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እዚህ ሰፈር ድምቀቱ ሁሉ በሰው ወርቅ ነው።

ፓይለቶቹ ተለማማጆች አይደሉም። ፈቃዱ አንድ ነው። ከ2013 ወዲህ ረዳት አብራሪውም ቢሆን ኤቲፒ የሚባለውን ከፍተኛውን ፈቃድ ሳይዝ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ይህ የመጣው በአንድ አደጋ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ የሚሄድ ኪው400 የሚባል ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል አንድ ቤት ላይ ወደቀ። ስሙ ኮንቲኔንታል ነበር፣ የሚያበረው ግን ኮልጋን የሚባል ኩባንያ። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ምርመራው አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ ለመጣው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው ምላሽ የተሳሳተ እንደነበር አረጋገጠ። ሕዝቡን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ረዳት አብራሪዋ በዓመት የምታገኘው 16 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ሲያትል ከወላጆቿ ጋር ስለምትኖር ደግሞ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ነው ኒውዋርክ የደረሰችው። የሟች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ተመላልሰው አላስቀምጥ አሉ፣ በ2010 ሕጉ ወጣ። ለፈቃዱ 1,500 የበረራ ሰዓት፣ አዲስ የእረፍት ደንብ፣ እና ያቺ ያላነበብካት መስመር የመጡት ከዚያ ነው።

ሻንጣህን የተቀበሉህ ላይኛው ሳጥን ስለማይበቃ ነው። ክፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሪጅናል ካፒቴን ነው፣ ሰባት ዓመቱ። ሆቴል ቫን ውስጥ የሜይንላይን ፓይለቶች ሰላም እንደማይሉት ይነግረኛል። ባለፈው አንዱ «ስራችንን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎት እራቱን ሳይበላ ተኛ። እሱ ደግሞ «ራሳቸው ሸጠውት!» ይላል። ማነው እውነቱን የያዘው?
ትዕግስቷ ያለቀ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱ ከባልሽ ጋር ነው። ሙሉው ግን አይደለም።

ድሮ ሪጅናል ማለት ባለ ፕሮፔለር፣ ጥቂት ሰው ይዞ አጭር መንገድ የሚሄድ ነገር ነበር። የትልቁ ቤት ፓይለት ዞር ብሎም አያየውም። በ1993 ሲንሲናቲ ያለው ኮምኤር 50 ወንበር ያለውን የቦምባርዲየር ጄት አመጣ። ጄት ነው፣ ይፈጥናል፣ ራቅ ብሎም ይሄዳል። አለቆቹ ወዲያው ገባቸው። ትልቅ አውሮፕላን ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚመላለስበትን መስመር ለዚህ ሰጥቶ፣ በትንሽ ደሞዝ ሌላ ሰው ማሰራት ይቻላል ማለት ነው።

የሜይንላይን ፓይለቶች ኮንትራት ላይ ስኮፕ የሚባል አንቀጽ አለ። አጥር ነው በቃ። ኩባንያው በስሙ ከሚደረገው በረራ ምን ያህሉን ለውጭ ሰው መስጠት እንደሚችል ይገድባል። ወንበር ተቆጥሮ፣ ክብደት ተመዝኖ ነው የተጻፈው። ዛሬ በሶስቱ ትልልቆች ጣሪያው 76 ወንበርና 86,000 ፓውንድ ነው፣ 39 ቶን ገደማ መሆኑ ነው።

ታዲያ አጥሩን ማን ነቀነቀው? ኩባንያው አጥሩ ገፋ እንዲልለት በፈለገ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገር ያስቀምጣል። የደሞዝ ጭማሪ፣ ጡረታ፣ የእረፍት ቀን። ድምጽ ከሚሰጡት መሀል ደግሞ ከላይ የተቀመጡት አሉ። ቶኪዮ የሚመላለስ የ55 ዓመት ካፒቴን ለ50 ወንበር አውሮፕላን ምን አገባው? እጁን አወጣ። የሸጠው የራሱን ስራ አልነበረም፣ ገና ያልተቀጠረውን ልጅ ስራ ነው። እኔን ያኔም አሁንም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ሁሉም ዝም ብሎ ሸጠ ካልኩ ግን ዋሸሁ። የአሜሪካን አየር መንገድ ፓይለቶች ፌብሩዋሪ 1997 አድማ ሲመቱ አንዱ ዋና ጉዳያቸው ይኸው ነበር። አዲሶቹን ትንንሽ ጄቶች እኛ እናብራቸው አሉ። አድማው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጣልቃ ገብተው አስቆሙት። ጄቶቹም በቁጥር ተገድበው ወደ ሪጅናሉ ሄዱ።

ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ደግሞ ነገሩ ሽያጭነቱ ቀርቶ ቅሚያ መሰለ። ዩናይትድ ዲሴምበር 2002 ኪሳራ አወጀ። ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005። አሜሪካን ኖቬምበር 2011። የኪሳራ ፍርድ ቤት ጥላ ውስጥ ኮንትራት እንደገና ሲጻፍ 50 የነበረው 70፣ 70 የነበረው 76 እየሆነ ሄደ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሜይንላይን ፓይለቶች ያለ ደሞዝ ቤታቸው ተቀመጡ። እስቲ ቦታውን ያዥው፦ አንቺ ቤት ተቀምጠሻል፣ ትናንት ታበሪው የነበረውን መስመር የ24 ዓመት ልጅ ያንቺው ኩባንያ ቀለም በተቀባ አውሮፕላን ይመላለስበታል። ዩኤስ ኤርዌይስ ጭራሽ የተቀነሱትን ፓይለቶቹን ሪጅናል ጄቶች ላይ የሚያስቀምጥ ጄትስ ፎር ጆብስ የሚባል ስምምነት አደረገ። ሪጅናሉ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የነበሩትስ? ከኋላ ተገፉ። ቂሙ በሁለቱም በኩል እንዲህ ነው የተጠራቀመው።

የባልሽ ወገን ያየውም ቀላል አይደለም። ትልቁ ሪጅናሎቹን እርስ በርስ ያጫርታቸዋል፣ ዋጋ ያወረደ አውሮፕላን ያገኛል። የኮምኤር ፓይለቶች ማርች 26 ቀን 2001 አድማ መትተው 89 ቀን ቆሙ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ በዴልታ ተገዝቶ ነበር። ደሞዛቸው ተሻሻለ። ዓመታት አለፉ፣ አውሮፕላኖቹ እየቀነሱ ሄዱ፣ ሴፕቴምበር 2012 ዴልታ ወጪው በዛ ብሎ ኮምኤርን ዘጋው። በዚያው ዓመት የዴልታ ፓይለቶች አዲስ ኮንትራት አጸደቁ። ባለ 50 ወንበሮቹ ይቀነሱ፣ ባለ 76ቱ እስከ 223 ይፈቀዱ፣ በምትኩ ለእኛ 88 ቦይንግ 717 ይምጣልን የሚል ነው። ለዴልታ ፓይለት ጥሩ ንግድ ነው፣ ስራ ጨምሮለታል። ሃያ ዓመት ኮምኤር የሰራው ካፒቴን ግን በዚያው መኸር ሌላ ቦታ ሄዶ ከአዲስ ገቢ ጋር ክፍል ተቀመጠ።

ይሄ አጥር የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ካማረሽ ሲአርጄ 550 የሚባለውን ተሳፈሪ። አውሮፕላኑ ሲሰራ 70 ሰው እንዲይዝ ነበር። ዩናይትድ ግን የ70 ወንበር ኮታው ሞልቶበታል። ስለዚህ በ2019 ወንበሮቹ እንዲነቀሉና 50 ብቻ እንዲቀሩ ተደረገ፣ በተነቀሉት ቦታ የሻንጣ ቁም ሳጥን ገባ። ተሳፋሪው እንዴት የተመቸ አውሮፕላን ነው ይላል። የተመቸው በወረቀት ጸብ መሆኑን ማን ነገረው?

ወደ ቫኑ ልመለስ። ያን ቃል የተናገረው ሰውዬ ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነ እሱ ራሱ ሪጅናል ሰርቶ የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በ90ዎቹ እጃቸውን ያወጡት ካፒቴኖች እኮ ጡረታ ወጥተዋል። ፍሎሪዳ ጎልፍ ይጫወታሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው ለነሱ ነበር የሚገባው፣ እነሱ ግን ድስቱንም ይዘውት ሄደዋል። ቫኑ ውስጥ የቀሩት ሁለቱም የተሸጠባቸው ሰዎች ናቸው። ባልሽ ሰላም ማለቱን አይተው። ካልመለሱለት ጆሮው ላይ ሙዚቃ ይሰካ። እራቱን ግን ይብላ።

ጥያቄ፦ ልጄ በሰዓት 90 ዶላር ይከፈለኛል ይላል። እኔ ፓርኪንግ ስሰራ የማገኘው የዚያን ሩብ አይሞላም። ብር የሚበደረው ግን እሱ ነው ከእኔ። ይዋሸኛል?
አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ልጅዎ አይዋሽም ጋሼ። የሚዋሸው ሰዓቱ ነው።

የፓይለት ሰዓት እንደ እርስዎ ሰዓት አይደለም። አውሮፕላኑ በሩ ተዘግቶ፣ ፍሬኑ ተለቆ ወደ ኋላ ሲገፋ ይጀምራል። ደርሶ ሲቆም ያበቃል። ልጅዎ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ ሆቴል በር ላይ ቫን ሲጠብቅ አይቆጠርም። ፍተሻው አይቆጠርም። ቺካጎ ላይ በረዶ ጥሎ ሶስት ሰዓት ሲቀመጥ ከቀን አበሉ በቀር ምንም የለም፣ እሱም በሰዓት ሁለት ዶላር ምናምን ነው። አራት ቀን ከቤቱ ወጥቶ ሃያ ሰዓት ሊከፈለው ይችላል። ባይበርም በወር ወደ 75 ሰዓት ዋስትና አለው እንበል፣ 6,750 ዶላር ነው፣ ታክሱ ሳይነሳለት። ከዚያ የበረራ ትምህርት ቤት ብድር አለበት፣ እሱ ዛሬ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ቤዙ፣ ማለትም ስራው የሚጀምርበት የምድብ ከተማው፣ ኒውዮርክ ከሆነ ደግሞ እርስዎ ቤት ለመምጣት ሌላ በረራ ነው፣ እዚያም ለአዳር ከአስር ሰው ጋር ተደራራቢ አልጋ ይከራያል።

ይሄም ተሻሽሎ ነው። እኔ ስጀምር በሰዓት ከ25 ዶላር በታች ነበር። ፓይለት ሲጠፋ በ2022 የአሜሪካን ሶስቱ ሪጅናሎች ድንገት ወደ 90 አወጡት፣ በከፊል ጊዜያዊ ማበረታቻ ብለው። ሌሎቹም ተከተሉ። አስራ ሶስት ዓመት ሙሉ «ገንዘብ የለንም» ሲሉ የነበሩ ናቸው እንግዲህ። ብድሩን ካፒቴን ሲሆን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው። የበረራ አስተማሪ ሆኜ 900 ሰዓት ደርሻለሁ። አንዱ ሪጅናል እኛ ጋ ፈርም፣ ተራህ ሲደርስ ያለ ኢንተርቪው ሜይንላይን ትሻገራለህ ይለኛል። ጓደኛዬ ሌላ ቦታ ትልቅ ቦነስ አለ ይላል። ማንን ልመን?
ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ማንንም። ኮንትራቱን አንብብ፣ ከዚያ ደግመህ አንብብ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባህ። በዚህ ስራ አንተ ቁጥር ነህ። ሲኒየሪቲ የሚሉት እሱ ነው። የተቀጠርክበት ቀን ቁጥርህን ይሰጥሃል፣ ቁጥርህ ደግሞ የትኛውን አውሮፕላን እንደምታበር፣ የት እንደምትመደብ፣ ገና በቤትህ ታከብር እንደሆነ፣ መቼ ካፒቴን እንደምትሆን ይወስናል። ጉብዝና አይቆጠርም። ኩባንያ ከቀየርክ ደግሞ ቁጥርህ እዚያው ይቀራል። የሃያ ዓመት ካፒቴን ብትሆንም አዲሱ ቤት የመጨረሻው ወንበር ላይ ነህ። ሐኪም ሆስፒታል ሲቀይር ተማሪ አይሆንም፣ ፓይለት ግን ይሆናል።

ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው። በ65 ዓመትህ በሕግ ትወርዳለህ። ሜይንላይን አንድ ዓመት ቀድመህ ከገባህ የምታተርፈው የመጀመሪያውን ዓመት አይደለም፣ የመጨረሻውን ነው፣ ትልቅ አውሮፕላን ላይ በሰዓት ከ400 ዶላር በላይ የምታገኝበትን። ከዚያ ፊት የትኛው ቦነስ ይቆማል?

መሻገሪያው ውሸት አይደለም። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒየድሞንት ወደ አሜሪካን የሚያሻግር ውል አላቸው። ዩናይትድ አቪዬት፣ ዴልታ ፕሮፔል የሚሉት ፕሮግራም አላቸው፣ አሰራራቸው ይለያያል። ግን በሩን የሚከፍተው ትልቁ ነው፣ አንተ አይደለህም። ትልቁ መቅጠር ካቆመ ወረፋው ባለበት ይቆማል። ያን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። በ2020 አፕሪል ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ የሚባሉ ሪጅናሎች ተዘጉ፣ በሴፕቴምበር ኤክስፕረስጄት የሚባለው ሌላው የዩናይትድን በረራ አቆመ። እዚያ አስር ዓመት የቆየ ሰው ቁጥሩ አብሮ ተዘጋ። ደግሞ ያው ኮሮና በሺህ የሚቆጠሩ የሜይንላይን ፓይለቶችን በጊዜ ጡረታ አስወጥቶ፣ 2022 ላይ ትናንት የተቀጠረ ሁሉ እየተጠራ ሄደ። 2024 ላይ እንደገና ቀዘቀዘ። ዕድልህ ያለው የተወለድክበት ዓመት ላይ ነው ብልህ ይቆጭሃል፣ ግን ነው።

እኔ ብሆን የምጠይቀው እነዚህን ነው። ቤዛቸው ቤቴ አጠገብ አለ ወይ? በየሳምንቱ ለስራ ለመሄድ ሌላ አውሮፕላን መለመን ሰውን ያስረጃል። ካፒቴን ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሕጉ ለካፒቴንነት በአየር መንገድ በረራ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ያስፈልግሃል፣ ከዚያ በኋላ የካፒቴን ሰዓት ያለው ሰው ነው ሜይንላይን ፊት ደረቱን ነፍቶ የሚቆመው። እና ቦነሱ ስር የተጻፈው ምንድነው? እኔ በጊዜዬ አንድ ቦነስ ወስጄ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ብለቅ ከነታክሱ እንደምመልስ የተጻፈውን ገጽ ያየሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ሁለት ዓመቱን ቆጥሬ ጨረስኩት፣ እንደ እስረኛ።

ከታወቀ ኮሌጅ የአቪዬሽን ዲግሪ ካለህ ደግሞ 1,500 መጠበቅ የለብህም፣ በ1,000 ሰዓት ሊያስገቡህ ይችላሉ። 900 ላይ ነህ። ወረቀትህን ዛሬ አውጣና እይ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋስ ይሄ ነገር አለ?
አቪዬሽን የሚወድ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በዚህ መልኩ የለም። ባህር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ የምትሄድበት ኪው400 የራሱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፣ የሚያበሩትም የራሱ ሰዎች ናቸው። ትንሹን ያበረ ልጅ ነገ ቦይንግ፣ ከነገ ወዲያ ኤርባስ ኤ350 ላይ ቢሄድ ቤት አልቀየረም፣ ፎቅ ነው የወጣው። የአሜሪካኑ ሪጅናል ፓይለት ግን ያንኑ ደረጃ ለመውጣት ከግቢው ወጥቶ የሌላ ሰው በር ማንኳኳት አለበት። እርግጥ የእኛም የራሱ ጣጣ አለው። አሰልጥኖ የሚቀጥረው ራሱ ስለሆነ ውል ያስፈርማል፣ እዚያ ካልተስማማህ ደግሞ መንገድ ተሻግረህ የምትገባበት ሌላ ያን የሚያህል አየር መንገድ አገር ውስጥ የለም።

ቡፋሎ ላይ የወደቀውም ኪው400 ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። ጥፋቱ የአውሮፕላኑ እንዳልነበር ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሪጅናል ረዳት አብራሪ ነኝ። ሁላችንም ፓይለት ነን፣ ማህበሩም አብዛኛው አንድ ነው። ለምን አንድ የሲኒየሪቲ ዝርዝር አይኖርም? ሌላው፣ ባለፈው ሰኞ ወደ ቤቴ ለመሄድ አንድ ሜይንላይን ካፒቴን ጀምፕሲት (ኮክፒት ውስጥ ያለችውን ትርፍ ተጣጣፊ ወንበር) ብጠይቀው ክፍት ሆኖ ሳለ «ዛሬ አይሆንም» አለኝ። አንተ ብትሆን ታስገባኝ ነበር?
ከዴንቨር

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ከቀላሉ ልጀምር።

አልፓ፣ ማለትም በ1931 የተቋቋመው የፓይለቶች ማህበር፣ የዴልታንም የዩናይትድንም የብዙ ሪጅናሎችንም ፓይለቶች ይወክላል። የአሜሪካን አየር መንገድ ፓይለቶች ከ1963 ጀምሮ የራሳቸው አላቸው። የስካይዌስቶቹም አልፓ ውስጥ የሉም። ዝርዝሩን አንድ እናድርግ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ ዴልታ ኮምኤርንና ኤኤስኤን ከያዘ በኋላ የሁለቱ ሪጅናሎች ፓይለቶች ከዴልታ ጋር አንድ ላይ እንዘርዘር ብለው አልፓን ጠየቁ። ማህበሩ አልተቀበለም። ከመሃላቸው የተቆጡት የራሳቸውን ማህበር ፍርድ ቤት አቆሙት። አስበው፣ በየወሩ መዋጮ የምትከፍለውን ጠበቃህን እንደመክሰስ ነው። ዝርዝሩ አንድ አልሆነም።

ለምን እንቢ እንዳሉ ልንገርህ። ዝርዝሩ በተቀጠሩበት ቀን ቢዋሃድ ኮምኤር አስር ዓመት የሰራ ካፒቴን ዴልታ ሶስት ዓመት ከሰራው በላይ ይቀመጣል። የሶስት ዓመቱ ሰው ደግሞ እዚያ የደረሰው ስንት ቦታ ተንከራትቶ ነው። ፍትህ ከየትኛው ወገን ነው? ሪጅናል ሳለሁ መልሱ ከፀሐይ የጠራ ነበር። ዛሬ የድምጽ መስጫ ወረቀት ብትሰጠኝ እጄ ይከብዳል። ቁጥር አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፣ ግን ጠየቅከኝ።

ጀምፕሲቱን በተመለከተ፣ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው፣ በየትኛውም ቤት። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ልማዱ ግን ታውቀዋለህ፣ ኮክፒቱ በር ላይ ቆመህ መታወቂያህንና ፈቃድህን እያሳየህ «ካፒቴን፣ ሊያደርሱኝ ይችላሉ?» ትላለህ፣ ሰውየው «ግባ» ይልሃል። እኔም አንድ ጊዜ ተከልክያለሁ። የልጄ ክርስትና ዋዜማ ነበር። ካፒቴኑ መታወቂያዬ ላይ ያለውን የኩባንያ ስም አንብቦ «የእኛን አውሮፕላን እያበራችሁ በእኛ አውሮፕላን ደግሞ መሄድ?» አለና ወደ ፊት ዞረ። ረዳቱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት መኪና ነድቼ ደረስኩ፣ ቄሱ ጸሎቱን ጀምረው ነበር።

ረዳት አብራሪ ስለሆንኩ ዛሬም «ግባ» የምለው እኔ አይደለሁም። እስካሁን አብሬው የበረርኩ ካፒቴን የሪጅናል ልጅ ሲከለክል አላየሁም። የእኔ ስራ ወንበሩን ዘርግቶ ቀበቶውን ማቀበል ነው። ዴንቨር ሳለሁ በር ላይ ካገኘሁህ ስምህን ንገረኝ።